ከውሃ የተረፉ ሦስት መስመሮች

እኔ ደጓሽ ነኝ። የተበተነ መጽሐፍ እሰፋለሁ፣ ገበታውን ቆዳ አለብሳለሁ፣ ማኅደር እሠራለሁ፤ ጊዜ ሲገኝም ብራና ላይ እጽፋለሁ። ጎንደር፣ ቁስቋም ግርጌ ተወልጄ እዚያው አረጀሁ። እጄን ያልመረቀ ሰው የለም። ጥፋቴ የመጣው ግን ከእጄ አይደለም፣ ከአፌ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ከዚያ አፋፍ ከወደቅሁ ይኸው ዕድሜ ሆነኝ። ዛሬም ዝናብ ጣራውን ሲመታው ደንግጬ እነሣና ወረቀቶቼን እነካካለሁ። ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረዎት" ትለኛለች።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለከተማው ሆስፒታል ሐኪም ከባሕር ማዶ ነበር የሚመጣው። ከመጡት አንዷ ቀጭን፣ ዕድሜዋ ገና ሳለ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። የበሽተኛ መዝገብ ሲበጣጠስ የምሰፋላቸው እኔ ስለነበርሁ እንተዋወቃለን። አማርኛዋ ለጉዳይ ይበቃል፤ አክብሮት ብቻ አያውቅም። ዘበኛውንም አገረ ገዢውንም "አንተ" ነው የምትል፤ ማንም አይቀየማትም። እኔ ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ፤ እዚህ "እሷ" የምላት ስለምወዳት ነው።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ፣ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ከካፖርቷ ሥር ወትፋ ቤቴ መጣች። ቦርሳው ሲከፈት የሻጋታው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

"እየሞተ ነው" አለችኝ። "ከዚያ ሁሉ እሳት አወጣሁት፤ አሁን የጎንደር ዝናብ ሊገድለው ነው።"

አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችው። ቀይ ፊደል የታተመበት ፓስፖርት፣ ማኅተም የበዛባቸው ወረቀቶች፣ ጠርዛቸው የተበላ ፎቶግራፎች፣ ዳር ዳሩ በመርፌ የተበሳሳ ቢጫ የጨርቅ ኮከብ፣ አንድ ደብዳቤ። ሲቆጠር በጠቅላላው አሥራ አንድ ነው። ኮከቡን አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገችው።

"እኛ አይሁድ ነን። ይሄን ካልሰፋችሁ ከቤት አትወጡም አሉን። እኔ ቀድሜ ሸሸሁ። እናቴንና ሁለት እህቶቼን በባቡር ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም።" ደብዳቤውን ነካች። "ይሄ ከእናቴ የመጨረሻው ነው። ቤታችን የለም። መቃብር የለኝም። ያለኝ እጇ የጻፈው ይሄ ብቻ ነው።"

ምን ይባላል? እኛም በጣሊያን ጊዜ ያየነውን አይተናል፤ ቢሆንም እኛ የቀበርነውን የት እንደቀበርን እናውቃለን።

ከዚያ በፊት አንድ ቀን የአያቴን ዳዊት ከማኅደሩ አውጥቼ አሳይቻት ነበር። ማኅደር ማለት መጽሐፉ ልክ ብሎ የሚገባበት፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው የቆዳ ቤት ነው። ስንት ክረምት ያለፈው ብራና እንደ ትናንት ነጭ ሆኖ ስታይ ተገርማ አሽትታው ነበር። አሁን ለወረቀቶቿ እንዲህ ያለውን ሥራልኝ አለች። እሺ አልሁ። ደብዳቤውን ስትሰጠኝ "ውሃ አይንካው" አለችኝ፤ ደገመችው፤ ሦስተኛም አለች። ለደጓሽ ይህ ይነገራል እንዴ ብዬ በሆዴ አኮረፍሁ እንጂ፣ ምነው ሦስት ጊዜ አለች ብዬ አልጠየቅሁም።

ደብዳቤው በግራጫ እርሳስ የተጻፈ ስስ ወረቀት ነው። ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ጣቷን አንዷ ላይ አሳርፋ "ይቺ አሌፍ" አለችኝ። ክው አልሁ! መቶ አሥራ ስምንተኛውን መዝሙር ስደግም ከልጅነቴ ጀምሮ "አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል" እያልሁ ነው ያደግሁት፤ የየክፍሉ መጠሪያ ነው። መልኳን ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ስሙን እየሰማህ ያደግኸውን ዘመድ ደጅህ ላይ እንደማግኘት ነው። "እኛም ዳዊታችን ላይ አለችን!" ብዬ ጮህሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ሳቋ ግን አልቆየም። በዚያው ቅጽበት ከወለቃ የመጣች ሸክላ ሠሪ ደጃፍ ቆማ "ጀበና፣ ድስት" ብላ ተጣራች። ጥግ ይዛ ጥጥ ትፈትል የነበረችው እናቴ እንዝርቷን ጥላ ተነሣች፤ ነፍሰ ጡሯን ባለቤቴን በነጠላ ሸፍና ወደ ጓዳ ገፋቻት፤ ድስቱን ራሷ ወጥታ ገዛች።

"ምነው ደበቀቻት?" አለች ሐኪሟ።

"የወለቃ ሰዎች በኦሪት የሚያድሩ ናቸው። ዓይናቸው ያስፈራል ይባላል፤ ቡዳ ናቸው ይባላል" አልኋት፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው።

"እንደ እኔ ናቸው ማለት ነው።"

"ኧረ እርስዎ እንኳ…"

"እኛም ሰፈር መጀመሪያ እንዲህ ያለው ጎረቤት ነው" አለችኝ። "ኮከቡ በኋላ ነው የመጣው።"

ዛሬም ያን ንግግር ሳስበው አፍራለሁ።

በማግስቱ አምባ ጊዮርጊስ ተስቦ ገባ ተባለና ሐኪሟ በማኪና ወደዚያ ሄደች። በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብላ ላከችብኝ። ቦርሳውን ግድግዳው ላይ ካለው ኩላብ ሰቅዬ፣ ጠዋትና ማታ እያወረድሁ አሥራ አንዱን ነገር መቁጠር ጀመርሁ። አይጥ ያስፈራኛል፣ ምስጥ ያስፈራኛል፣ የጣራው ፍሳሽ ያስፈራኛል። እንቅልፌ ጠፋ። ፍርሃቴን ሁሉ ውጪ ውጪውን አሰማራሁት፤ ቤቴ ውስጥ ያለው ትዝ አላለኝም።

እናቴ "ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚያብከነክንህ?" ስትለኝ፣ አፌን በቆረጠው፣ ደብዳቤውን ዘርግቼ አሳየኋት። "ይቺን ታያለሽ? የዳዊቷ አሌፍ ናት! ራሷ! በኦሪት ሰዎች እጅ የተጻፈች፣ ከእሳት የወጣች!" አልኋት። ማወቄን ላሳይ ነዋ። የእናቴ እንዝርት ቆመ።

የእናቴን ጭንቀት መናገር አለብኝ። ባለቤቴ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ፀንሳ ሦስቱም ሳይወለዱ ቀርተውብናል። ሾተላይ ነው ይባል ነበር፤ በሆድ ያለ ልጅ የሚበላ ክፉ ነገር። አሁን ሰባት ወሯ ነው፤ የቀድሞዎቹም የጠፉት በሰባትና በስምንት ነው። እናቴ ያላሰረችላት ክታብ፣ ያልወሰደቻት ጠበል አልነበረም። ማታ ማታ ሆዷን በእጇ እየዳሰሰች "አለህ? አለህ?" ትለው ነበር።

የማኅደሩ ቆዳ በዚያ እርጥበት አልደርቅ አለኝ። እጄ ሥራ ሲያጣ የሚይዘው ያጣል፤ አንድ ቀን የተራረፈች የብራና ቁራጭ አንሥቼ፣ የመቃ ብዕሬን እንደ መርፌ አሹዬ፣ ከደብዳቤው ላይ መገልበጥ ያዝሁ። ማንበብ አልችልም። የቱ ፊደል፣ የቱ ዝም ብሎ የተጫረ እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ያየሁትን በሙሉ፣ አንዲት ነጥብ ሳላስቀር፣ ውፍረቱን በውፍረቱ፣ ቅጥነቱን በቅጥነቱ አስቀመጥሁት። ሦስት መስመር እንደጨረስሁ ወገቤን ቆረጠመኝ። ነገ እቀጥላለሁ ብዬ ተውሁት።

ነገው ቅዳሜ ነበር። የመስፊያ ክርና ቀይ ቆዳ ልፈልግ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ እንደ ልማዴ ቦርሳውን አውርጄ ቆጠርሁ። አሥር። ደግሜ ቆጠርሁ፤ አሥር። የጎደለው ደብዳቤው ነው። አልጋውን ገለበጥሁ፣ መደቡን አራገፍሁ፣ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ እጄን ከተትሁ።

"እምዬ፣ እዚህ የነበረች ወረቀት አይተሻል?"

"የአሌፏን?" አለችኝ እናቴ በእርጋታ። "አጥቤ ለባለቤትህ አጠጣኋት እኮ።"

በእኛ አገር እንዲህ ነው። ለታመመ ሰው ደብተራው የጸሎት ቃል ይጽፋል፤ ጽሕፈቱ በውሃ ይታጠባል፤ በሽተኛው ያን ውሃ ይጠጣል። እኔም ልጅ ሆኜ ጠጥቻለሁ፤ በቀለሙ እጁን ጥቁር ያደረገ ደብተራ ጎረቤት የሌለው ማን ነው? ግን ይህ ደብዳቤ! የሰው አደራ!

"ተአምሯን ብታይ ልጄ!" እናቴ ዓይኗ ያበራል። "ግራጫ አልነበረች? ውሃው ሲነካት ወይን ጠጅ ሆነች! ዋንጫው በሙሉ ወይን ጠጅ! ባለቤትህ አንድ ጠብታ አላስቀረችም።"

ወረቀቱን ከባለቤቴ ትራስ ሥር አወጣችልኝ። አራት ቦታ የታጠፈ፣ እዚህም እዚያም ወይን ጠጅ ጥላ ያረፈበት ባዶ ወረቀት። ሰማይ ተደፋብኝ።

"ምን አደረግሽኝ እምዬ! ገደልሽኝ! የእናቷ እጅ ነው እኮ ይህ! ሌላ የላትም እኮ!"

"እኔስ?" አለች እናቴ። "እኔስ ሌላ የልጅ ልጅ አለኝ? የእሷ እናት ብትሆን ሕፃን ይዳን ብላ አትሰጠኝም ነበር?"

ተቀምጬ አለቀስሁ። እሷም አለቀሰች። ባለቤቴ ከመካከላችን ሆዷን ይዛ "እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ምን አውቄ" ትላለች። ከወለቃዋ ሸክላ ሠሪ ዓይን የሸሸገቻትን ምራቷን፣ እናቴ በገዛ እጇ የኦሪት ሰዎችን ቀለም አጠጣቻት። ያን ጊዜ ይህ ነገር አልታየኝም፤ የታየኝ የሐኪሟ ፊት ብቻ ነበር።

የቀሩት ቀኖች የሰቀቀን ቀኖች ሆኑ። ማኪና ባለፈ ቁጥር ወደ ደጅ ብቅ እላለሁ። እናቴ ጸጸቱ ሲገባት "አይጥ በላው በላት፤ በክረምት አይጥ ያልበላው ምን አለ?" ትለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ የባሰውን አሰብሁ። ፊደሎቹ ሦስት መስመር ሙሉ በብራናዬ ላይ አሉ፤ እየለዋወጥሁ ብደረድራቸው ገጽ ይሞላሉ። ያንኑ ወረቀት ብጽፍበት ማን ያውቃል? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እርሳስ ቀርጬ ተቀምጬ ነበር። አስቀድሜ በሌላ ቁራጭ ላይ ሁለት ፊደል ሞከርሁ። በማላውቀው ቋንቋ በሞተች እናቷ አፍ ስድብ ብጽፍስ? እርሳሱን ከሁለት ሰበርሁት።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን መጣች ተባለ። ባዶውን ወረቀትና የብራናዋን ቁራጭ በጉያዬ ይዤ በጠዋት ሆስፒታል ሄድሁ። ከስታለች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ስታየኝ "ማኅደሬ?" አለች፣ ፊቷ በርቶ። የፊቷ መብራት ነው አንጀቴን የቆረጠው። አይጥም አላልሁ፣ ሌላም ሰበብ አልፈጠርሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁና ያለቀሰም ያላለቀሰም ድምፅ እያወጣሁ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት።

ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ገለበጠችው። መልሳ አነሣችው። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ በጥፊ ብትመታኝ ምንኛ በወደድሁ። ፊቷ ወረቀቱን መሰለ። ከዚያ ድንገት ዞረችብኝ።

"ስንት ጠጣች?"

"እ?"

"ሚስትህ! ውሃው ስንት ነበር? ይሄ እርሳስ ውሃ ሲነካው የሚቀልጥ ነው፤ ቀለሙ መርዝ ነው! አስታወከች? ልጁ ይንቀሳቀሳል?"

መልስ አልጠበቀችም። የሐኪም ቦርሳዋን አንሥታ፣ ካፖርቷን ሳትለብስ፣ በዝናቡ ውስጥ ከፊቴ ቀድማ ወጣች። ያን ሁሉ ዳገት እየሮጥሁ ተከተልኋት። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለወረቀት ስጨነቅ፣ ባለቤቴ ምን እንደጠጣች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ያን ዕለት ራሴን የናቅሁትን ያህል ንቄው አላውቅም።

ሐኪሟ ባለቤቴን አስተኝታ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ ምላሷን አየች፣ ያቺን ጥሩንባ የምትመስል የእንጨት መስሚያ ሆዷ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደቀነች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ሐኪሟ ቆየች፤ ቦታ ቀየረች፤ እንደገና ቆየች።

"አለ" አለች። "ልቡ ደህና ይመታል።"

እናቴ እግሯ ላይ ወደቀች። ሐኪሟ ልታነሣት ጎንበስ ብላ እሷም አብራ መደቡ ሥር ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሲበርድላት የብራናዋን ቁራጭ እየፈራሁ ሰጠኋት። "ሦስት መስመር ብቻ ነው የገለበጥሁት። ምን እንደሚል አላውቅም። ስሕተት ይኖረዋል።"

ማንበብ ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "'ደህና ነን። አትጨነቂ። ያንን ወፍራም ካፖርት ልበሺ…'" አለችና ድምጿ ተቋረጠ። ጣቷን ሁለተኛው መስመር መካከል ላይ አሳረፈች። "ይሄ ምንድን ነው?"

አየሁት። እንደ ተጠማዘዘ ጭራ ያለ ነገር ነው። "ፊደል መስሎኝ ነው፤ እንዳለ አስቀመጥሁት። ካልሆነ ልፋቀው…"

"አትንካው!" ብራናዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች። "ፊደል አይደለም። እዚህ ጋ እጇ ተንቀጠቀጠ። ሁልጊዜ የማየው እዚህ ቦታ ነበር። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የምፈልገው ይሄን ነበር። አንተ የእጇን መንቀጥቀጥ ጽፈሃል።"

እውነት ነው፤ ቋንቋውን ባውቅ ኖሮ ያቺን ጭራ አስተካክዬ፣ አሳምሬ እጽፋት ነበር። አለማወቄ ነው ያተረፋት።

"ምነው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምህ?" አለችኝ።

"ወገቤን ደከመኝ" አልኋት። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

"አራተኛው ላይ ነበር በቁልምጫ ስሜ የጠራችኝ" አለች። ስሙ ምን እንደነበር አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መስከረም ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች፤ ሐኪሟ ራሷ ናት ያዋለደቻት። እናቴ እስክትሞት "አሌፍ ናት ያዳነቻት" ትል ነበር፤ ሐኪሟ ደግሞ የመጨረሻውን ወር ሆስፒታል አስተኝቻት ስለጠበቅኋት ነው ትላለች። እኔ በመካከላቸው አልገባም። ከዚያ በኋላ ግን የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ ስትመጣ እናቴ ልጅቱን አልደበቀቻትም፤ እያጉረመረመች ቢሆንም አቅፋት ወጣች። ማኅደሩን ለአሥሩ ነገሮችና ለብራናዋ ቁራጭ ልክ አድርጌ ሠራሁት፤ ባዶውንም ወረቀት ይግባ አለችኝና አስገባሁት። ሐኪሟ አገር ለቃ ስትሄድ በማንገቻው ትከሻዋ ላይ አንግታው ነበር።

ዓይኔ ደክሟል፤ ብራና መጻፍ እየተውሁ ነው። ግን ወገቤ ሲቆረጥመኝ፣ ለዛሬ ይበቃኛል ብዬ ብዕሬን ላስቀምጥ ስል፣ ያቺ ሴት ምነው ቆምህ ስትለኝ ይሰማኛል። ባለቤቴ ራት ቀረበ ብላ ትጣራለች። እኔ መልሼ ብዕሬን አነሣና አንድ መስመር እጨምራለሁ።